ሶላር ይቅደም ወይስ ቆጣሪ? ለቆየ የቢሮ ሕንፃ የወጪ መቀነሻ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ካዛንቺስ፣ ስታዲየም ዙሪያ፣ ሜክሲኮ ወይም ቦሌ መንገድ ላይ የሚከራይ ሕንፃ ያለው ሰው ሰሞኑን የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው። «ሶላር ላስገባ እንዴ?» ይላል። ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው፤ ጭማሪው የታቀደው ለአራት ዓመት ነው። ናፍጣ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከጄኔሬተር ፊልትሮ እስከ ሊፍት ካርድ ድረስ ያለው መለዋወጫ ዋጋው አይቀመስም። ኪራይ ላይ ይህን ሁሉ እንዳይጭኑት፣ ከጎን አዲስ ሕንፃ ቆሞ ተከራይ እየጠራ ነው።

የኔን መልስ ከፊት ላስቀምጠው። ሶላር ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ተራው የሚደርሰው ከሌሎች አራት ነገሮች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለምን እንደምል በቁጥር አሳያለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። «አረንጓዴ ሕንፃ» ሲባል የምንሰማው አብዛኛው ምክር የመጣው ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ከሚመረትበት አገር ነው። እኛ ጋ ከመስመር የሚመጣው መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም የውሃ ኃይል ነው። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት ጨምሮበታል። ስለዚህ መሀል አዲስ አበባ ያለ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ዋናው አካባቢ በካዩ ዕቃ ምድር ቤት የተቀመጠው ጄኔሬተር ነው። ኪስንም በዋናነት የሚያራግፈው እሱ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች እዚህ ከተማ ላይ አንድ ቦታ መገናኘታቸው ሥራውን ያቀልለታል።

ለንጽጽሩ አንድ ሕንፃ በምናባችን እንያዝ። ጂ+8 ነው። አንዱ ወለል 400 ካሬ ገደማ፣ በአጠቃላይ 600 ያህል የፍሎረሰንት ቱቦ፣ 250 ሠራተኛ፣ አንድ ባለ 100 ኬቪኤ ጄኔሬተር አለው። ለስሌት እንዲመች መብራቱን በኪሎዋት ሰዓት 5 ብር፣ ናፍጣውን በሊትር 120 ብር እወስዳለሁ። እናንተ የራሳችሁን ቢልና የሰሞኑን የማደያ ዋጋ ተኩበት።

እሁድ ከሰዓት ቆጣሪውን አንብቡ

ይሄኛው አማራጭ ምንም አያስወጣም። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወርዳችሁ ዋናውን ቆጣሪ አንብቡ። 11 ሰዓት ላይ ድገሙት። ልዩነቱን ለሦስት አካፍሉት። ትልቅ ቆጣሪ ከሆነ የሚያሳየው የፍጆታውን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ያነበባችሁትን በማባዣው ቁጥር ማባዛት እንዳለባችሁ አትርሱ፤ ይህን ረስተው «እኛ ጋማ ምንም አይባክንም» ብለው የሚደሰቱ አሉ።

የወጣው ቁጥር ማንም ሳይሠራ ሕንፃው የሚበላው ኃይል ነው። 6 ኪሎዋት ሆነ እንበል። ቀላል ይመስላል። በወር 4,320 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በያዝነው ዋጋ 21,600 ብር። ሥራ ሲጀመር ይህ አይቆምም፤ ሌላው ፍጆታ በላዩ ላይ ይደመራል።

ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑን ይዛችሁ በየወለሉ ፓኔል ፊት ቁሙ። ብሬከር እያወረዳችሁ ዋናው ቆጣሪ ላይ ምን እንደሚቀንስ እዩ። ተከራዮችን ቀድማችሁ አሳውቁ እንጂ ሰርቨር አጥፍታችሁ ሰኞ ጠዋት አታልቅሱ። የምታገኙት ዕቃ ከሕንፃ ሕንፃ ብዙም አይለያይም። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ውሃ ሲያፈላ የሚውል የውሃ ማከፋፈያ፤ አንድ ሳይሆን በየቢሮው አንዳንድ። መስኮት የሌለው ኮሪደር ላይ ሌት ተቀን የሚበራ ቱቦ። 16 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ የሰርቨር ክፍል ኤሲ። የማያቋርጥ የውሃ ፓምፕ። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ከሶኬት ያልተነቀለ ባለ 2,000 ዋት ሂተር። አምስት ሂተር በአንድ ላይ ሲሰካ 10 ኪሎዋት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አምስት ሂተር ለአንድ ሕንፃ ትንሽ ነው።

የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት መንገድ ላይ ከሆናችሁ የፊት ለፊት ጌጥ መብራትም አለባችሁ። ማታ ማብራት የሚጠበቅባችሁ ከሆነ እሱን መቀነስ አታስቡ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲበራ ማየት ግን የተለመደ ነው። ጥበቃው ማጥፊያው የት እንዳለ አያውቅም፣ የሚያውቀው ደግሞ ከሥራ ለቋል። ሰዓት ቆጣሪ ወይም ብርሃን የሚለይ ሴንሰር ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሒሳቡ በምን ይከፈል?

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህም ብዙ ገንዘብ ይጠፋል። የማሽን ጉዳይም አይደለም።

መሀል ከተማ ሦስት ዓይነት አከፋፈል አለ። አንደኛው መብራትና ውሃ ኪራዩ ውስጥ የገባበት ነው። ሁለተኛው የዋናው ቆጣሪ ቢል በካሬ የሚካፈልበት ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ውስጣዊ ቆጣሪ የሚኖረው ነው።

ኪራይ ውስጥ ማስገባት ለማከራየት ይመቻል፤ ደላላም ይወደዋል። ታሪፍ በማይነካበት ዘመን አከራዩ ላይ ጉዳት አልነበረውም። አሁን ግን በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሒሳብ ለሁለት ዓመት በተቆረጠ ኪራይ ውስጥ ማስቀመጥ ከራስ ኪስ መክፈል ነው። ይህን ዓይነት ውል የምታድሱ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

በካሬ ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል። አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ 100 ካሬ የያዘ የጠበቃ ቢሮ አለ፤ አራት ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ነው ያለው። ምድር ላይ 100 ካሬ የያዘው ካፌ የቡና ማሽን፣ ሁለት ትልልቅ ፍሪጅና ምድጃ አለው። እኩል ነው የሚከፍሉት። ጠበቃው ያውቀዋል። ወር በመጣ ቁጥር አስተዳዳሪው ቢሮ መጥቶ ይጨቃጨቃል፣ ከዚያ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከዚያ እሱም ኤሲ ያስገባል። ለምን አያስገባ? ቢቆጥብ የሚጠቀመው ካፌው ነው።

ውስጣዊ ቆጣሪ ይህን ያቆመዋል። አብዛኛው ሕንፃ በየወለሉ የራሱ ማከፋፈያ ፓኔል ስላለው አንድ ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ በወለል ማስገባት ግድግዳ ማፍረስ አይጠይቅም። ችግሩ አንድ ወለል ለአራት ተከራይ ሲከፈል ነው። ያኔ መስመሩ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ የአንዱ ቢሮ ሶኬት ከጎረቤቱ ብሬከር ይነሳል። እሱን መለየት ከቆጣሪው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉንም አትነካኩ። ብዙ የሚበሉትን ብቻ ለዩ፤ ካፌውን፣ ማተሚያ ቤቱን፣ ጂሙን፣ የባንክ ቅርንጫፉን። የቀረው በካሬ ይቀጥል።

ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። በኪሎዋት ሰዓት የምታስከፍሉት ቢሉ ላይ ያለውን ዋጋ ይሁን፣ ትርፍ አትጨምሩበት። የጋራ ወጪውን፣ ማለትም ሊፍት፣ ፓምፕና የኮሪደር መብራት የሚበላውን፣ በተለየ መስመር አሳዩ። ተከራይ የሚጠራጠረው ያላየውን ቁጥር ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ነገርም ይህን ጉዳይ አጣዳፊ አድርጎታል። በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ገመድ ዘርግቶ የሚቻርጅ ተከራይ በዝቷል። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ስምንት ሰዓት ቢሠራ 56 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በካሬ በሚካፈል ሕንፃ ውስጥ የአንዱን ሰው መኪና መንገድ የሚሸፍነው ጠበቃው ነው ማለት ነው። ለቻርጀር የተለየ ቆጣሪ ዛሬውኑ።

ቱቦው

የድሮው ፍሎረሰንት 36 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም ከባላስቱ (ማቀፊያው ውስጥ ካለው ማስነሻ) ጋር ከ40 ዋት በላይ ይወስዳል። ልኩ ያው የሆነ የኤልኢዲ ቱቦ 18 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱን 25 ዋት እንያዘው። በቀን 9 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ሲሠራ አንዷ ቱቦ በወር 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ታድናለች፤ 28 ብር መሆኑ ነው። ቱቦዋ 300 ብር ብትገዛ ወጪዋን በአሥራ አንድ ወር ትመልሳለች። 600ውን ስትቀይሩ ሕንፃው በቀን 135 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል። ይህችን 135 ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሦስት አማራጭ አለ። ሲቃጠል ብቻ መቀየር፣ ቱቦውን ብቻ በአንድ ጊዜ መቀየር፣ ወይም ከነማቀፊያው አዲስ ፓነል መብራት መግጠም። እኔ መሀለኛውን እመርጣለሁ። ሲቃጠል እየቀየሩ መሄድ ግማሹ ነጭ ግማሹ ቢጫ የሆነ ጣሪያ ያተርፋል፣ ቁጠባውም ዓመታት ይወስዳል። ሙሉ ፓነል ያምራል፤ ጣሪያው የተበላሸ ከሆነ አብሮ ቢሠራ ጥሩ ነው። ለቁጠባ ብቻ ከሆነ ግን ተጨማሪው ገንዘብ የሚመልሰው ነገር የለም። ቱቦ ብቻ ስትቀይሩ ኤሌክትሪሺያኑ ባላስቱን ከመስመር እንዲያወጣው ንገሩት። ካልወጣ እሱ ራሱ ኃይል ይበላል፣ ሲበላሽም አዲሱን ቱቦ ይዞ ይጠፋል።

መርካቶ ውስጥ 18 ዋት ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 18 ዋት አይደለም። በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አሥር ገዝታችሁ አንድ ኮሪደር ላይ ለሁለት ወር አብሯቸው። ዋስትና በጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ካለ ዋጋው ቢረክስም እለፉት።

መብራት ሲሄድ

አሁን ወደ ምድር ቤቱ እንውረድ።

ባለ 100 ኬቪኤ ጄኔሬተር 80 ኪሎዋት ገደማ መሸከም ይችላል ይባላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ በተለይ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን የሰማ አከራይ ሁሌም «ትልቁን አምጣ» ይላል። ውጤቱ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። መብራት ሲሄድ የሕንፃው ፍላጎት አብዛኛውን ሰዓት 20 ኪሎዋት ብቻ ነው። ለሁለት ሰው ቡና የሠርግ ድንኳን እንደመትከል ነው። በሙሉ አቅሙ አካባቢ ሲሠራ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.28 ሊትር ገደማ የሚበቃው ማሽን ሩብ ጭነት ላይ 0.4 ሊትር ይጠጣል። በያዝነው ዋጋ 48 ብር ነው። ከመስመር 5 ብር፣ ከጄኔሬተር 48 ብር። የዘይት፣ የፊልትሮና የጥገናውን ሳልጨምር ነው። ጭነቱ ሲያንስ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ጭስ ማውጫው ጥላሸትና ዘይት ይይዛል። ያን ጥቁር እንባ ግድግዳው ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ።

ስለዚህ እዚህ ላይ ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው።

ያለውን ጄኔሬተር ይዞ አሠራሩን መለወጥ። ይህ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። መብራት በሄደ ቁጥር ወዲያው ከማስነሳት አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ፓምፑን በጄኔሬተር አለማስነሳት፤ የጣሪያው ሮቶ መብራት እያለ ሞልቶ ከነበረ ቀኑን ያደርሳል። ሂተርና ኤሲን ከጄኔሬተሩ መስመር ማውጣት። ጥበቃው ጋ አንድ ደብተር ማስቀመጥ፤ የተነሳበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተቀዳው ሊትር። ደብተሩ መቆጣጠሪያም ነው። ከበርሜሉ በጎን የሚወጣ ናፍጣ ካለ በሁለት ወር ውስጥ ይታያል።

ትንሽ ጄኔሬተር መግዛት። ሰላሳ ኬቪኤ ለዘወትሩ፣ ትልቁ ደግሞ ሊፍት በሚበዛበት ሰዓት። በወረቀት ላይ ያምራል። አሁን ባለው ምንዛሪ ግን ሌላ የናፍጣ ማሽን መግዛት አልመክርም። ሁለት ማሽን ሁለት ጥገና ነው።

ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ሶኬት ላይ ወደሚሠራ መብራት የሚለውጥ መሣሪያ) ለወሳኝ መስመሮች። እኔ ልቤ ያለው እዚህ ነው። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተርና የካሜራ መስመር አንድ ላይ 10 ኪሎዋት ቢሆኑና መቋረጡ ሁለት ሰዓት ቢቆይ የሚያስፈልገው 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከመስመር ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረን አንዷ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ገደማ ትደርሳለች። ከ48 ጋር አስተያዩት። ተከራዩ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ሥራውን ይቀጥላል፣ ጭስ የለም፣ ጩኸት የለም። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለሊፍት ወይም መቋረጡ ሲረዝም ብቻ ይሆናል።

ባትሪ ስትመርጡ ርካሹ የአሲድ ወይም ጄል ባትሪ ከግማሽ በታች ባታወርዱት ይሻለዋል፤ ዕድሜውም በመቶዎች ቢበዛ በሺህ ገደማ ዙር (አንዴ ሞልቶ ማውረድ አንድ ዙር ነው) የሚቆጠር ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ከሦስት ሺህ ዙር በላይ ይሄዳል፣ አብዛኛውንም አቅሙን መጠቀም ይቻላል። መግዣው ይከብዳል፤ በዙር ሲካፈል ግን ይረክሳል። በሳምንት አንዴ ብቻ መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህ ስሌት ይገለበጣል። ዙሩ ስለማያልቅ ርካሹ ይበቃል፤ አንዳንዴም ያለውን ጄኔሬተር መያዝ ይበቃል። ለዚህ ነው ደብተሩ የሚቀድመው። መብራት ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ከስሜት ሳይሆን ከደብተር ነው የሚታወቀው። ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ ተከራይ ሲነግራችሁ ሁሌም «ሙሉ ቀን» ነው።

እና ሶላሩስ?

የምሳሌያችን ሕንፃ ጣሪያ 400 ካሬ ነው። ሮቶው፣ የሊፍቱ ክፍል፣ አንቴናውና የጎረቤት ሕንፃ ጥላ ግማሹን ይወስዱታል። በቀረው 200 ካሬ ላይ መሄጃ ትታችሁ 30 ኪሎዋት ያህል ፓነል ይገባል። አንድ ኪሎዋት ፓነል አዲስ አበባ ላይ በአማካይ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብንል 120 ነው።

ቱቦዎቹ የቀነሱት 135 ነበር።

ሙሉ ጣሪያ ሶላር የሚሰጠው ኃይል ቱቦ በመቀየር ከሚድነው ያንሳል። ዋጋቸው ደግሞ የሚወዳደር አይደለም። ረጅምና ቀጭን ሕንፃ ላይ ይህ አይቀሬ ነው፤ ጣሪያው አንድ ነው፣ ወለሉ ዘጠኝ። ሰፊና አጭር ሕንፃ፣ መጋዘን ወይም ትምህርት ቤት ላይ ወሬው ሌላ ነው።

አማካይ የምለው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ደመና በጋውን ከሚያቃጥለው ፀሐይ ጋር ደባልቄ ነው። በሐምሌ ከአማካዩ በታች፣ በጥር በላይ ጠብቁ። በበጋ አቧራው ፓነሉ ላይ ይጋገራል፤ የሚያጥብ ሰው በስም መመደብ አለበት። እሁድ የሚመነጨውን የሚጠቀም ከሌለ ዝም ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ትርፍ እሸጣለሁ ብላችሁ ሳይሆን ሁሉንም እዚያው እበላዋለሁ ብላችሁ መጠኑን ቁረጡ። ቱቦው ከተቀየረ፣ ብክነቱ ከተዘጋ በኋላ የሚያስፈልገው ሶላር ራሱ ያንሳል። ቀድሞ የገዛ ሰው ለሚባክን መብራት ፓነል ገዝቷል።

ባትሪውን ካስገባችሁ ሶላር በኋላ ሊቀላቀል እንዲችል ኢንቨርተሩን ከመጀመሪያው ሶላር የሚቀበል አድርጋችሁ ግዙ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ ደግሞ «ስንት ኪሎዋት ትገጥማላችሁ» ሳይሆን «በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ታስረክባላችሁ፣ ካነሰስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛዋን ጥያቄ ሲሰማ ስልክ ማንሳት የሚያቆም ነጋዴ አለ።

ውሃ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሕንፃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለውሃና ፍሳሽ፣ አንዴ ለቦቴ። ትልቁን የሚወስደው ቦቴው ነው። እዚህም «ጉድጓድ ላስቆፍር» ከሚለው ሐሳብ በፊት ሽንት ቤቱን እዩ።

የድሮ መጸዳጃ በአንድ ፍላሽ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቃል። ሁለት ቁልፍ ያለው አዲሱ 3 ወይም 6 ሊትር ነው፤ በአማካይ 4 እንበል። 250 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢጠቀም ልዩነቱ 3,750 ሊትር ነው። በወር 94 ሺህ ሊትር፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ዘጠኝ ጊዜ መጣ ማለት ነው። መጸዳጃውን ሁሉ ለመቀየር ገንዘቡ ከሌለ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ ዝቅ አድርጎ ማሰር ብቻ በአንድ ፍላሽ አንድ ሁለት ሊትር ያተርፋል። ቧንቧ ሠራተኛው በአንድ ቀን ሁለት ወለል ይጨርሳል።

ዝም ብሎ የሚያንጠባጥበው ይብሳል። ዘግቶ የማይዘጋ አንድ ታንከር በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ያወርዳል። ድምፁን ስለለመድነው አንሰማውም። ከሰዓት በኋላ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ማቅለሚያ ጠብ አድርጋችሁ ውኃውን ሳትለቁ ጠብቁ፤ ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ ጎማው አልቋል።

ጣሪያ ላይም ውጡ። ሮቶው ማታ ሞልቶ ሲፈስ የሚያይ ሰው የለም። ምልክቱን ግን ቀን ታገኙታላችሁ፤ በጥር ወር፣ ዝናብ በሌለበት፣ ከሮቶው ሥር ያለው ኮንክሪት አረንጓዴ ሽበት ካበቀለ ውሃው በየሌሊቱ እየሄደ ነው። አብሮት የፓምፑ መብራትም ይሄዳል። እሁድ ዕለት «ፓምፑ ለምን አይቆምም?» ያላችሁት ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ጥሩ ነው፣ ግን ተስፋችሁን መጥኑ። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ከ1,100 ሚሊሜትር ይበልጣል። 400 ካሬ ጣሪያ ከዚህ 350 ሺህ ሊትር ገደማ ሊይዝ ይችላል፤ አብዛኛው ግን የሚወርደው በክረምት ነው። ለሚያዝያ አይተርፍላችሁም። በሐምሌና ነሐሴ መጸዳጃና ፓርኪንግ ማጠቢያውን ከቻለ በቂ ነው። ምድር ቤት ቀድሞ የተሠራ ገንዳ ካላችሁ አድርጉት፤ አዲስ ገንዳ ለመቆፈር ግን ስሌቱ አያዋጣም።

ኤሲ፣ ሊፍት፣ ወረቀት

ሙቀት ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ኤሲ የማትፈልግ ከተማ ናት፤ ኤሲ የፈለገው መስታወቱ ነው። በሞቃቱ ወር እንኳ ውጭው ከ25 ዲግሪ አካባቢ ብዙ አያልፍም። ምዕራብ የሚያይ የመስታወት ቢሮ ግን ከ9 ሰዓት በኋላ ይፈላል። የማይከፈት መስኮት እንዲከፈት ማድረግ ይቅደም፣ ከውጭ በኩል ጥላ ይከተል፣ ፊልም መለጠፍ ይሠለስ፣ ኤሲ ይሰንብት። መንገድ ዳር አቧራና ጩኸት ካለ ቅደም ተከተሉ በፊልሙ ይጀምር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ የድሮ ሕንፃዎች መስኮታቸው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከላይ የኮንክሪት ቆብ ያለው በከንቱ አይደለም። የሰርቨር ክፍሉን 24 ላይ አድርጉት፤ ማሽኖቹ አይከፉም።

ሊፍቱ የሚቀየረው ሲያረጅ ነው እንጂ ለቁጠባ አይደለም። ሲቀየር ግን ፍጥነቱን በኢንቨርተር የሚቆጣጠረውን ምረጡ። ሲነሳ የሚስበው ኃይል ስለሚያንስ ጄኔሬተሩም ያንሳል።

ሊድ ወይም ኤጅ የሚባለውን የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት በተመለከተ ጥያቄው አንድ ነው። ተከራያችሁ ማነው? ኤጅ ለምሳሌ በኃይል፣ በውሃና የግንባታ ዕቃው ሲመረት በሚወጣው ካርቦን በእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ቅናሽ ይጠይቃል፤ ነባር ሕንፃም ማመልከት ይችላል። ዓለም አቀፍ ድርጅትና ኤምባሲ የሚያከራይ ሰው ወረቀቱን በኪራይ ሊመልሰው ይችላል። ተከራዮቹ አስመጪና የጉዞ ወኪል ለሆኑበት ሕንፃ ግን ገንዘቡን ቱቦ ላይ ያውለው።

ተከራይ ብትሆኑስ?

ባለቤቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ እናንተ የምትገዙት ነገር ሁሉ ስትለቁ የሚነቀል ይሁን። ዴስክቶፑ ሲያረጅ ላፕቶፕ ግዙ፤ ከግማሽ በታች ነው የሚበላው፣ መብራት ሲሄድም ራሱን ይይዛል። ለቢሯችሁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ኢንቨርተርና ሊቲየም ባትሪ ጎማ ባላት ሣጥን ውስጥ ይመጣል። ቱቦም በራሳችሁ ግዙ፣ አሮጌዎቹን በካርቶን አስቀምጣችሁ ስትወጡ መልሱ። ውስጣዊ ቆጣሪውን ግን በራሳችሁ ወጪ ለመግጠም ጠይቁ። የሚጠየቀውም ውል ሲታደስ ነው፤ ፊርማ ከወደቀ በኋላ አከራይ ስልክ አያነሳም። ውሉ ላይ የምትጽፉት ሁለት መስመር ነው፦ መብራት በቆጣሪ ንባብ በቢሉ ዋጋ እንደሚከፈል፣ የጄኔሬተር ናፍጣ ደግሞ በደብተሩ ሰዓት ተሰልቶ እንደሚካፈል። አከራዩ «ደብተር የለንም» ካለ ለጥበቃው አንድ ገዝታችሁ ስጡት።